ቢጫ እጆች፦ ስለ ጦርነት ጊዜ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጦርነት ሲወራ ጄኔራሉ፣ ታንኩና ምሽጉ ይወራል። ጥይቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። መድፍ ግን ሆዱ ሰፊ ነው። በሰዓታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር አረር ውጦ አሁንም አምጡ ይላል። ያንን የሚመግበው ከግንባሩ ርቆ፣ ቱታ ለብሶ የሚሠራ ሰው ነው።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ይህን ወሬ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡብኝ ናቸው። አብዛኛው መልስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደነበረችው ብሪታንያ ይወስዳችኋል፤ ብዙ መዝገብ የቀረው እዚያ ነውና። ሁለተኛው ጦርነትም ይነሳል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሴቶች ጥይት ፋብሪካ የገቡት ወንዱ ስለዘመተ ነው?

ግማሹ መልስ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ ጥይት ስላለቀ ነው።

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር ብዙ ሰው እስከ ገና ያልቃል ብሎ ነበር። አላለቀም። ሁለቱም ወገን ምሽግ ቆፍሮ ተፋጦ ቁጭ አለ፤ መድፍ ቀንና ሌሊት ይተኮስ ጀመር። በ1915 ጸደይ የብሪታንያ መድፈኞች የሚተኩሱት አጠራቸው። በግንቦት ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። መንግሥት ተንገዳገደ። ወዲያው የጥይት ሚኒስቴር የሚባል አዲስ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ተሾመበት።

ፋብሪካ መገንባት ይቻላል፤ ሠራተኛውስ? በሐምሌ 1915 ሴቶች «እኛም እንሥራ» ብለው ለንደን ላይ ሰልፍ ወጡ። የመራችው ኤመሊን ፓንክኸርስት ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ለምርጫ መብት ስትታገል መንግሥት እስር ቤት ሲያመላልሳት የነበረችው ሴት ማለት ናት። አሁን ያው መንግሥት ለሰልፉ ወጪ ገንዘብ ሰጣት። ፖለቲካ እንዲህ ነው።

በጦርነቱ መጀመሪያ ከጥይትና ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ የነበሩት ሴቶች 200,000 ገደማ ነበሩ። ሲያልቅ ከ900,000 በላይ ሆነዋል። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኞቹ ለመብት ብለው አይደለም የገቡት። ከገቡት ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ቤት ሲጠርግ ለኖረ ሰው፣ ሰዓቱ ደርሶ ፊሽካ ሲነፋ «ሥራ አልቋል» የሚባልበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው። ደመወዙም ይሻላል።

ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?

የመድፍ አረር ባዶ የብረት ዕቃ ነው ብላችሁ አስቡት። አንዱ ክፍል ብረቱን በቶርኖ ይቀርጻል፣ ይለካል፣ ያለሰልሳል። ሌላው ክፍል ሆዱን በፈንጂ ይሞላል። የመጨረሻው ክፍል አፉ ላይ አረሩን የሚያፈነዳውን ዕቃ፣ ፊውዝ፣ ይገጥማል። ሴቶች ሁሉም ላይ ነበሩ። ጣሪያ ሥር በሚሄድ ክሬን ላይ ተቀምጠው ከባድ አረር የሚያነሱ ነበሩ። ባሩድ በግራም እየመዘኑ በሐር ከረጢት የሚቋጥሩም ነበሩ።

ቀጭኑ ሥራ ፊውዝ ነው። ትንሽ ነገር ልትመስል ትችላለች፤ ካልተስተካከለች ግን አረሩ ወይ ጨርሶ አይፈነዳም፣ ወይ መድፉ አፍ ውስጥ ይፈነዳል። በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ወንዝ ላይ ከእግረኛው ጥቃት በፊት ለአንድ ሳምንት 1.5 ሚሊዮን ያህል አረር ተተኩሶ ብዙው ሳይፈነዳ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ፋብሪካው ተጣድፎ ነበር። ይህን የሴቶቹ ጥፋት የሚያደርግ ሰው አጋጥሞኛል። ችግሩ ግን ከሠራተኛው ጾታ ጋር የሚያገናኘው የለም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከምንም ተነስቶ በሚሊዮን ማምረት የፈለገ መንግሥት የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

ቆዳቸው በእውነት ቢጫ ይሆን ነበር ወይስ ተረት ነው?

ተረት አይደለም። ቲኤንቲ የሚባለው ፈንጂ ቢጫ ዱቄት ነው። በትንፋሽም በቆዳም ይገባል። ቀኑን ሙሉ ሲሞሉት የዋሉ ሴቶች ፊታቸውና እጃቸው ቢጫ ሆነ። ከቆብ ሥር ያመለጠ የፊት ፀጉር ወደ ቀይ ዳማ ተቀየረ። ሰዉ በዚያች ቢጫ ወፍ ስም «ካናሪ» ብሎ ጠራቸው።

ቀለሙ አይለቅም። ያላባቸውን ትራስ ያቀልማል፣ የተቀመጡበትን ወንበር ያቀልማል። አንዳንድ ፋብሪካ ለእነሱ ብቻ የምግብ አዳራሽ ለየ፤ የነኩት ሁሉ ቢጫ ይሆን ነበርና። እርጉዝ ሆነው ከሠሩት መካከል ቢጫ ሕፃን የወለዱም አሉ። የሕፃናቱ ቀለም ከጊዜ በኋላ ለቀቀ።

እስከዚህ ድረስ መልክ ነው። ከባዱ ነገር ከቆዳው ሥር ያለው ነው። ቲኤንቲ ጉበት ይመርዛል፤ ጉበት ሲመረዝ ደግሞ ዓይን ሳይቀር ቢጫ ይሆናል። እኛ በአማርኛ «የወፍ በሽታ» የምንለው ነገር ነው። እንግሊዞቹ ያን ሳያውቁ በወፍ ስም መጥራታቸው ይገርመኛል። ክፋቱ፣ የቀለሙን ቢጫ ከበሽታው ቢጫ በዓይን መለየት ከባድ ነበር። ልጅቷ «ቆዳዬ ብቻ ነው» ብላ ሥራ ትገባለች፤ ጉበቷ ግን እያለቀ ነው። ከ1916 እስከ 1918 ብሪታንያ ውስጥ 400 ያህል ሰዎች በዚህ መመረዝ መታመማቸው በይፋ ተመዘገበ። ከ100 በላይ ሞተዋል።

መፍትሔ ተብሎ የተሰጠው ወተት ነበር። ሊድስ አጠገብ ያለው የባርንቦው ፋብሪካ ለዚሁ ብሎ 120 ላሞች ያረባ ነበር። ወተቱ መርዙን አላረከሰም። በኋላ ሠራተኛውን እያቀያየሩ ከዱቄቱ ማራቅ፣ አየር ማስወጫ መግጠምና ሐኪም መመደብ ሲጀመር ነው ሞቱ የቀነሰው። በ1918 የተመዘገበው ከቀደሙት ሁለት ዓመታት በጣም ያነሰ ነው። መከላከል ይቻል ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ነው የሚያንገበግበኝ።

በር ላይ ያ ሁሉ ፍተሻ ለምን?

አንድ ክብሪት ፋብሪካውን ከነሰፈሩ ስለሚያጠፋ።

ክብሪትና ሲጋራ ይዞ የተገኘ ሰው ይቀጣል፤ ፍርድ ቤት ቆሞ የታሰረም አለ። ሴቶቹን የሚፈትሹ ሴት ፖሊሶች ተቀጥረው ነበር። የፀጉር ማስያዣ ሽቦ ክልክል ነው። ብረት ያለበት የውስጥ ልብስ ክልክል ነው። ቀለበት ይወልቃል፤ የጋብቻ ቀለበት በተፈቀደበት ቦታ እንኳን በክር መጠቅለል ነበረበት። ብረት ከብረት ሲጋጭ ብልጭታ ይወልዳል፤ ብልጭታው ደግሞ እንኳን ክምር ባሩድ፣ አየር ላይ ያለ ብናኝም ይበቃዋል።

ወደ ፈንጂው ክፍል ሲገባ ወለሉ ላይ አጥር መሳይ እንጨት ይጋረጣል። ወዲህ ያለው «ቆሻሻው»፣ ወዲያ ያለው «ንጹሁ» ጎን ነው። ሠራተኛዋ እንጨቱ ላይ ትቀመጣለች። የመንገድ ጫማዋን ወዲህ ታወልቃለች። እግሯ መሬት ሳይነካ ታዞርና ወዲያ ያለውን የፋብሪካ ጫማ ታጠልቃለች። ከሶሏ ጋር ተጣብቃ የምትገባ አንዲት ጠጠር እንኳን አትፈለግም።

«የሰይጣን ገንፎ» የሚባለው ምንድን ነው?

አረሩን ከመድፉ አስፈንጥሮ የሚያስወጣው ባሩድ ኮርዳይት ይባላል። እሱን ለመሥራት በአሲድ የተነከረ ጥጥ ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ይቀላቀላል። ናይትሮግሊሰሪን ዳይናማይት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ሁለቱ ለየብቻቸውም የሚፈነዱ ናቸው። ስኮትላንድና እንግሊዝ ድንበር ላይ ባለው የግሬትና ፋብሪካ ሴቶች ገንዳ ላይ አጎንብሰው ድብልቁን በእጃቸው ያቦኩት ነበር። አርተር ኮናን ዶይል በ1916 ጎብኝቶ «የሰይጣን ገንፎ» አለው። ገንፎ አገንፍቶ ለሚያውቅ ሰው ስሙ ራሱ ሥራውን ይነግረዋል፦ ክብደቱን፣ መጣበቁን፣ ክንድ ላይ የሚተወውን ድካም። በዚህኛው ገንፎ ላይ ግን ከጭስ ይልቅ ራስ የሚያዞር የኬሚካል ሽታ ይነሳል። ወድቀው ተሸክመው ያወጧቸው ብዙ ነበሩ።

የግሬትና ፋብሪካ 14 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የራሱ ባቡር፣ የራሱ ዳቦ ቤት፣ ሁለት አዲስ ከተማ ነበረው። በ1917 ከ11,000 በላይ ሴቶችና 5,000 ገደማ ወንዶች ይሠሩበት ነበር።

አንድ ጣልቃ ልግባ። ኮርዳይት ለመሥራት አሴቶን የሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ ያስፈልግ ነበር፤ አሴቶን ደግሞ ጠፋ። ስለዚህ በ1917 የብሪታንያ ተማሪ ቤት ልጆች ከዛፍ ሥር የወደቀ ሆርስ ቼስትነት የሚባል ፍሬ እንዲለቅሙ ተደረገ። ለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ፍሬው ተፈጭቶ አሴቶን ሊወጣው ነበር። ብዙም አልሠራ፤ የተለቀመው ብዙው ባቡር ጣቢያ ላይ በሰበሰ።

ፍንዳታ በርግጥ ይደርስ ነበር? ለምን ብዙ አልተወራም?

ይደርስ ነበር። ያልተወራው እንዳይወራ ስለተከለከለ ነው።

ባርንቦው፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1916። የሌሊቱ ፈረቃ ገና መግባቱ ነው። 42 ቁጥር ክፍል ውስጥ የተሞሉ አረሮች ላይ ፊውዝ እየተገጠመ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ አንዱ ፈነዳ። 35 ሴቶች ሞቱ። አንዳንዶቹ የታወቁት አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሉት የመታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ነው። አንድ መካኒክ ወደ ጭሱ እየተመላለሰ ሴቶችን አወጣ። አስከሬን ከተነሳ በኋላ ደግሞ እዚያው ክፍል ገብተው ሥራውን ለመቀጠል ፈቃደኛ የሆኑ ሴቶች ተገኙ።

በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ምንም የለም። ጠላት እንዳይሰማ ተብሎ። የከተማው ሰው ያወቀው በሞት ማስታወቂያ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወጣት ሴቶች በ«አደጋ» መሞታቸው ሲበዛ።

ሲልቨርታውን ግን ሊደበቅ አልቻለም። ጥር 19 ቀን 1917 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ፣ ሰው በተፋፈገበት ሰፈር መካከል የነበረ የቲኤንቲ ማጣሪያ በእሳት ተያያዘ። 50 ቶን ያህል ፈንጂ አንድ ላይ ፈነዳ። 73 ሰዎች ሞቱ። 60,000 የሚሆን ቤትና ሕንፃ ተጎዳ። ዋናው ኬሚስት አንድሪያ ኤንጀል እሳቱን ለማጥፋት ሲታገል እዚያው ቀረ። ፈንጂ ማጣሪያ ከመኖሪያ ሰፈር መሐል ማስቀመጥ አደገኛ መሆኑ አስቀድሞም የታወቀ ነበር። ጥይት አጥሮ ስለነበር አለፉት።

የቺልዌል ፋብሪካ ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1918፣ ጦርነቱ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው። 134 ሰዎች። ማንነታቸው የተለየው 32 ብቻ ነው። የተረፉት በማግስቱ ሥራ ገቡ።

ሴቶች ብቻ የሞቱ እንዳይመስላችሁ። ሚያዝያ 2 ቀን 1916 ፋቨርሻም ባሩድ ፋብሪካ ላይ ከ100 በላይ የሞቱት በሙሉ ወንዶችና ታዳጊ ልጆች ናቸው። ዕለቱ እሑድ ስለነበር ሴቶቹ አልገቡም።

ደመወዙ ጥሩ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ከምን ጋር ሲነጻጸር? ከቤት ሠራተኝነት ጋር ከሆነ፣ አዎ፣ በጣም። ጎኗ ቆሞ ያንኑ ሥራ ከሚሠራው ወንድ ጋር ከሆነ ደግሞ ግማሽ ገደማ ነው። በ1915 መንግሥት በወንድ ሥራ ላይ ለገባች ሴት በሳምንት 1 ፓውንድ መነሻ አለ። ወረቀቱ ላይ ሌላም ነበር፦ በተሠራው ዕቃ ቁጥር ለሚከፈል ሥራ እኩል ይከፈል ይላል። አሠሪው ግን ማሽኑን ትንሽ ይቀይርና «ይህ እኮ የወንዱ ሥራ አይደለም፣ ሌላ ነው» ይላል። አለቀ።

በጊዜው ጋዜጦች ስለ ጥይት ሴቶች ካፖርትና ሐር ስቶኪንግ ያወሩ ነበር። ቤት ሠራተኛ የጠፋባቸው እመቤቶች ብስጭት አለበት መሰለኝ።

በሁለተኛው ጦርነትም ነገሩ አልተለወጠም። በ1943 ግላስጎው አጠገብ ሂሊንግተን ላይ በአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ 16,000 ያህል ሠራተኞች በዚሁ ጉዳይ ሥራ አቆሙ። አብዛኞቹ ሴቶች ቢሆኑም ወንዶችም አብረዋቸው ወጥተዋል።

ወንዶቹስ? ፈርተው ነው ፋብሪካ የቀሩት?

በጣም የሚያናድደኝ ጥያቄ ይኸው ነው። በዚያን ጊዜም ይጠየቅ ነበር፤ ያውም በላባ። ብሪታንያ ውስጥ ሲቪል ልብስ ለብሶ የተገኘን ወጣት አንዳንድ ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመው ነጭ ላባ ይሰጡታል። ፈሪ ነህ ማለት ነው። ሰውየው የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ወደ ቤቱ እየሄደ ሊሆን ይችላል። መንግሥት በመጨረሻ ደረት ላይ የሚሰካ ባጅ አደላቸው፤ «እኔም ጦርነት ላይ ነኝ» የሚል ማስረጃ። ለሴቶቹም በ1916 ባለሦስት ማዕዘን ባጅ ወጣ።

በመጀመሪያው ዓመት ባለሙያ የቶርኖ ሠራተኛ ሁሉ ተመዝግቦ ዘመተና ፋብሪካው ባዶ ቀረ። ከዚያ ጦሩ ራሱ እነዚህን ሰዎች ከምሽግ እየፈለገ ወደ ማሽናቸው መለሰ። ከእነሱ ሌላ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ ቆስለው የተመለሱና ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው።

ባለሙያው ወንድ ያለበትን አጣብቂኝ አስቡት። ፎርማኑ አንዲት ልጅ ያመጣለትና «አሳያት» ይለዋል። በደንብ ካሳያት ሥራውን ትችላለች። ሥራውን ከቻለች እሱ «አላስፈላጊ» ይባላል። አላስፈላጊ የተባለ ወንድ ደግሞ ከ1916 ጀምሮ ግዳጅ አለበት፤ ቀጣዩ ጣቢያው ምሽግ ነው። እያስተማራት የራሱን የዘመቻ ወረቀት እየፈረመ ነው። አንዳንዶቹ ሴቶቹን አኮረፉ፣ መሣሪያ ደበቁባቸው፣ አሾፉባቸው። ያ ያስወቅሳል። ፍርሃቱ ግን ባዶ አልነበረም። ግላስጎው ላይ በዚህ ጉዳይ የተቃወሙ የሠራተኛ መሪዎች በመጋቢት 1916 ከከተማቸው ተባረዋል።

የሩቅ አገር ሰዎችም ነበሩ። ሰሜን እንግሊዝ በርትሊ ላይ ከጀርመን ወረራ የሸሹ ቤልጂጎች የራሳቸው ከተማ ተሠርቶላቸው፣ በራሳቸው ሕግና ፖሊስ ሥር አረር ይሠሩ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ ከኢንዶቺና፣ ከቻይናና ከሰሜን አፍሪካ በአሥር ሺዎች እያመጣች ባሩድ ፋብሪካዎቿ ውስጥ አሰማራች። ፎቶግራፍ ላይ ብዙም አይታዩም።

ሥራው ካልተስማማ መልቀቅ ይቻል ነበር?

እንደፈለጉ አይቻልም። በ1915ቱ የጥይት ሕግ ብሪታንያ ውስጥ አሠሪህ የመልቀቂያ ወረቀት ካልሰጠህ ሌላ ቦታ ለመቀጠር ስድስት ሳምንት ያለ ሥራ መቆየት አለብህ። ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ እስር ነው። ሠራተኛው በጣም ስለጠላው በ1917 ተሻረ።

ሶቭየት ኅብረት ውስጥ የባሰ ነበር። በታኅሣሥ 1941 የወጣው አዋጅ የመከላከያ ፋብሪካ ጥሎ የሄደን ሰው እንደ ከዳተኛ ወታደር ቆጠረው፤ ቅጣቱ ከ5 እስከ 8 ዓመት እስራት ነው። በዚያው ዓመት ጀርመኖች ሲገፉ ከ1,500 በላይ ትልልቅ ፋብሪካዎች ተነቅለው በባቡር ወደ ምሥራቅ ተጭነዋል። ማሽኑ አንዳንድ ቦታ ጣሪያ ሳይሠራለት ሥራ ጀመረ። ቁመታቸው ማሽኑ ላይ ያልደረሰ ልጆች ሳጥን ላይ ቆመው ይሠሩ ነበር። በተከበበችው ሌኒንግራድ የከፋው ጊዜ ሲመጣ የሠራተኛ የቀን ድርሻ 250 ግራም ዳቦ ነበር። ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ያገኝ የነበረው የዚያን ግማሽ ነው።

ስለ እግር ኳሱ የሰማሁት እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ደስ የሚለውም ክፍል ይኸው ነው። በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ ኳስ ማንከባለል የጀመሩ የፋብሪካ ሴቶች ቡድን መሠረቱ። ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ላይ የጥይት ሠራተኞች ዋንጫ ተቋቋመ። በ1918 ዋንጫውን የወሰደው የብላይዝ ቡድን ነው፤ አጥቂዋ ቤላ ሬይ በፍጻሜው ሦስት አግብታለች።

ዝነኞቹ ግን ፕሬስተን ከተማ አረር ይሠራ ከነበረ ፋብሪካ የወጡት የዲክ ከር ሴቶች ናቸው። በ1917 ገና ዕለት ለቆሰሉ ወታደሮች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲጫወቱ 10,000 ሰው አያቸው። በታኅሣሥ 26 ቀን 1920 ሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ ላይ 53,000 ተመልካች ገባ። ቦታ ጠፍቶ ውጭ የቀረውም በሺዎች ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር «ጨዋታው ለሴት አይስማማም» ብሎ ከሜዳዎቹ አገዳቸው። እገዳው 50 ዓመት ገደማ ቆየ። ፈንጂ ማቡካት ይስማማታል፤ ኳስ ግን አይስማማትም።

በታዋቂው ፖስተር ላይ ጡንቻዋን የምታሳየው ባለ ቀይ ሻሽ ሴት ማን ናት?

ሁሉም ሪቬተሯ ሮዚ ይላታል፤ ሪቬተር ብረት ከብረት በምስማር የሚያያይዝ ሠራተኛ ነው። ፖስተሩ በ1943 ሲሳል ግን ያ ስም አልነበረባትም። ሠዓሊው ሃዋርድ ሚለር ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ሲሆን፣ በኩባንያው ግድግዳ ላይ ለሁለት ሳምንት ተለጥፎ ወረደ። ለራሱ ሠራተኞች የተሠራ፣ ያለመቅረትና ጠንክሮ የመሥራት ማበረታቻ ነበር። ሕዝቡ ያወቀው በ1980ዎቹ ነው።

ፖስተሯን አልጠላትም። ግን ፊቷ ንጹሕ ነው፣ ጥፍሯ ንጹሕ ነው። ጦርነቱን ለማወቅ ያቺ ቢጫ እጅ ትሻለኛለች።

የአሜሪካን ነገር ካነሳን፣ በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ጥቁር ሠራተኞችን የመከላከያ ፋብሪካዎች አንቀጥርም ሲሉ፣ የጥቁር ሠራተኞች ማኅበር መሪው ፊሊፕ ራንዶልፍ ዋሽንግተን ላይ ትልቅ ሰልፍ እጠራለሁ ብሎ አስፈራራ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሰኔ 1941 መድልዎ የሚከለክል ትእዛዝ ፈረመ። ትእዛዝ ሌላ፣ የፋብሪካ ወለል ሌላ። በሰኔ 1943 ዲትሮይት ላይ ሦስት ጥቁር ሠራተኞች ዕድገት አገኙ ተብሎ 25,000 ነጭ ሠራተኞች ሥራ ጥለው ወጥተዋል።

ሁሉም በፈቃዱ ነበር የሚሠራው?

አይደለም። ብሪታንያ በታኅሣሥ 1941 ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉ ያላገቡ ሴቶችን በሕግ ለአገልግሎት ጠርታለች። ያ እንኳን ምርጫ ነበረው፤ ከጦሩ ረዳት ክፍል፣ ከሲቪል መከላከያና ከፋብሪካ።

ናዚ ጀርመን ውስጥ ሥራው ባርነት ነበር። ቪ-2 ሮኬት የተሠራበት ሚተልባው ዶራ፣ ተራራ ሥር የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ካለፉበት 60,000 ያህል እስረኞች 20,000ው ሞተዋል። ሮኬቱ ሲተኮስ ከገደለው ሲሠራ የገደለው ይበልጣል።

እዚያም ግን የእጅ ሥራ ነገር አለ። አውሽቪትዝ በሚባለው የናዚ ካምፕ አጠገብ ፊውዝ ይሠሩ የነበሩ አይሁዳውያት ሴቶች በቀን ቁንጥር ባሩድ እየሰረቁ በጨርቅ ቋጥረው ልብሳቸው ውስጥ ያወጡ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ አልፎ አስከሬን ማቃጠያው ላይ በግድ ለሚሠሩት እስረኞች ደረሰ። ጥቅምት 7 ቀን 1944 አመፁ፤ አንዱን ማቃጠያ አጋዩት። በቅብብሉ የተያዙ አራት ሴቶች ጥር 1945 ላይ ተሰቀሉ፤ አንዷ ሮዛ ሮቦታ ናት። ካምፑ ነፃ ሊወጣ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር።

ጃፓን ደግሞ ተማሪ ልጃገረዶችን አሰማራች። ወረቀት በሙጫ እያጣበቁ ትልቅ ፊኛ ይሠራሉ፤ ሙጫው ኮኛኩ ከሚባል የሚበላ ሥር የተሠራ ነው። ርቧቸው ሙጫውን የበሉ ነበሩ። ምን እየሠሩ እንደሆነ አልተነገራቸውም። ፊኛው ቦምብ ተንጠልጥሎበት በነፋስ ፓስፊክ ውቅያኖስን ይሻገራል። ግንቦት 5 ቀን 1945 አሜሪካ ኦሬገን ጫካ ውስጥ ወድቆ ያገኙት ሰዎች ሞቱ፤ አንዲት እርጉዝ ሴትና አምስት ልጆች።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሠራተኞቹ ምን ሆኑ?

ተሰናበቱ። ኅዳር 1918 ተኩስ ቆመ፤ በሳምንታት ውስጥ ፋብሪካዎቹ ሴቶቹን ያሰናብቱ ጀመር። በ1919 ሥራው ለወንዶቹ የሚሆንበት የቀድሞው አሠራር እንዲመለስ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ለሠራተኛ ማኅበራት የተገባ ቃል ነበር። ለሥራ አጦች ጊዜያዊ ድጎማ ተሰጠ፤ ሆኖም ወደ ሰው ቤት ሥራ ተመለሺ ተብላ እምቢ ያለች ሴት ድጎማዋ ይቆረጣል።

የምርጫ መብት አገኙ ይባላል። በ1918 የተሰጠው ዕድሜያቸው ከ30 በላይ ለሆነና የንብረት መስፈርት ላሟሉ ሴቶች ነው። ፈንጂ ስትሞላ የነበረችው የ20 ዓመት ልጅ አልገባችበትም። ከወንድ እኩል የሆኑት በ1928 ነው።

ዛሬ ሄዶ የሚታይ ነገር አለ?

አለ። ግሬትና አጠገብ ኢስትሪግስ ላይ በዚያው በገንፎው ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ። ዮርክ ካቴድራል ውስጥ አምስቱ እኅትማማቾች በሚባለው መስኮት አጠገብ፣ በጦርነቱ የሞቱ ሴቶች ስም የተጻፈባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች ቆመዋል። የባርንቦዎቹም ስም እዚያ ነው።

ሌላው የሚታየው ፈረንሳይና ቤልጂግ እርሻ ላይ ነው። ያኔ ሳይፈነዳ የቀረው አረር እስከ ዛሬ በማረሻ እየወጣ ነው። የቤልጂግ ጦር በዓመት ከ100 ቶን በላይ ይሰበስባል። ገበሬው ዝገት የበላውን አረር አንስቶ መንገድ ዳር፣ የመብራት ምሰሶ ሥር ያስቀምጠዋል። ከዚያ ስልክ ይደውልና ወደ እርሻው ይመለሳል።